የሞተር ትንፋሽ፦ ወደ ውስጥ፣ ወደ መሬት ወይስ ወደ ሃይላንድ?

ሐምሌ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ የሸሸን ስድስት ሰባት ሰዎች ቆመናል። ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር አንድ ወጣት የዘይቱን መክደኛ ፈትቶ ለመካኒኩ አቀበላቸው። መክደኛው ከውስጥ በኩል ወተት የበዛበት ማኪያቶ የመሰለ ወፍራም ነገር ለብሷል።

«ጋሼ፣ ውኃ ገብቶበታል መሰለኝ። አለቀለት ማለት ነው?»

መካኒኩ በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሸተቱት። «በአንድ ጊዜ ምን ያህል ትነዳለህ?»

«አጭር አጭር ነው። ከቦሌ ገርጂ፣ ከገርጂ መገናኛ። አድርሼ አጠፋለሁ፤ ሌላ እስኪደወል እጠብቃለሁ።»

«እንግዲያው ውኃው ከሰማይ አልመጣም፤ ከቤንዚኑ ነው።»

ከዚህ በኋላ ጋራዡ ለሦስት ተከፈለ። አንዱ «የመተንፈሻውን ቱቦ ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ንቀልና ወደ መሬት ልቀቀው፤ ያን ጊዜ ይደርቃል» አለ። ሌላው የራሱን ሞተር ሳይክል አሳየን። ከኮርቻው ሥር በሽቦ የታሰረ ሃይላንድ አለ፤ ሁለት ጣት የሚሆን ፈሳሽ አጠራቅሟል። ሦስተኛው ደግሞ «ፋብሪካው ሳያውቅ አልሠራውም፤ አትነካኩት» ብሎ ተቆጣ። ሦስቱም ለዓመታት የነዱ ሰዎች ናቸው። ዝናቡ አባራ፤ ክርክሩ ግን አላባራም።

እኔም ነገሩን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት እንዳላቸው ይታወቀኛል፤ የትኛው እውነት ለየትኛው ሞተር እንደሚሆን መለየት ግን ከእውነቱ ይከብዳል።

ሞተር ለምን ይተነፍሳል?

ሞተር ሳይክሉንም ሞተሩንም በአንድ ስም «ሞተር» ስለምንል፣ እዚህ ሞተር የምለው ፒስተንና ማርሽ ያለበትን ብረት ብቻ ነው።

ፒስተን ወደ ታች ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል፤ ሲወጣ መልሶ ይስባል። ባለ አንድ ሲሊንደር 150 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ይህ ግፊያና ስበት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል። በዚያ ላይ ቤንዚኑ በተቃጠለ ቁጥር ከጋዙ ጥቂቱ በፒስተኑ ሪንግና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ይህን ጨርሶ ማስቀረት አይችልም፤ ከአሮጌው የሚለየው በመጠኑ ነው። ይህ ሁሉ ግፊት መውጫ ካጣ ጓርኒሲዮኑንና ዘይት የሚያግዱትን ጎማዎች ገፍቶ ለራሱ መንገድ ያበጃል። መተንፈሻ ቱቦ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ትንፋሹ ግን ባዶውን አይወጣም። የዘይት ጉም፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውኃ እንፋሎት ይዞ ይወጣል። ውኃው ከየት መጣ? ቤንዚን ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ውኃ ይሆናል። ስሌቱን ለሚወድ፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይወልዳል። አብዛኛው በማርሚታው በኩል እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። በብርድ ጠዋት ከማርሚታው ጫፍ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የወረደው ጥቂቱ ግን ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ እንደ ድስት ክዳን ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ማርሹና ክራንኩ ከዘይቱ ጋር ይንጡታል። ዘይትና ውኃ በሰላም አይስማሙም፤ በግድ ሲናጡ ግን ያ ማኪያቶ ይወጣቸዋል።

በመጀመሪያ የሚታየውም ሞተሩ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ነው፦ በዘይት መክደኛው፣ ከላይ ባለው የቫልቭ ክዳን ውስጥና በራሱ በመተንፈሻ ቱቦው ላይ። መክደኛው ላይ ያለው የታችኛው ዘይት ሁሉ እንደዚያ ሆኗል ማለት አይደለም። የወጣቱም ዘይት ሲፈስ ጠቁሮ ነበር እንጂ አልነጣም።

ትንፋሹ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። ለረጅም ዘመን ቱቦው ወደ መሬት ወይም ወደ ሰንሰለቱ ይለቀቅ ነበር። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ትራያምፍ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ሁለቱ ፒስተኖቻቸው አብረው ስለሚወጡና አብረው ስለሚወርዱ ትንፋሻቸው ከባድ ነበር፤ መሐንዲሶቻቸው በየዘመኑ መውጫውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲያዛውሩት ኖረዋል። ነገሩን የለወጠው የአየር ብክለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች የሞተር ትንፋሻቸውን መልሰው እንዲያቃጥሉ ተደረገ። ብክለትን ለመቀነስ በመኪና ላይ ከተገጠሙት መሣሪያዎች ይህ የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ሞተር ሳይክሎችም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአሜሪካ ሕግ ትንፋሻቸውን ወደ አየር እንዳይለቁ ተከለከሉ። ዛሬ በየመንገዳችን ከምናያቸው ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ላይ ቱቦው ወደ አየር ፊልትሮው ሳጥን የሚገባው በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው።

«ፋብሪካው ሳያውቅ አልሠራውም»

የዚህ ወገን ክርክር ጠንካራ ነው። ትንፋሹ ወደ ፊልትሮው ሳጥን ሲገባ ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ከሆዱም ቀስ ብሎ ይስባል፤ እንፋሎቱ ሳይቀዘቅዝ ይወጣል፤ የዘይት ጉሙና ቤንዚኑ ተቃጥሎ ያልቃል። መንገድ ላይ ጠብታ አይወድቅም። ከሁሉም በላይ ወደ ሞተሩ ሆድ ተመልሶ የሚገባው አየር በማጣሪያ ያለፈ ነው፤ አቧራም ዝናብም አይገባም።

የዚህ መንገድ ድክመት የሚታየው ሞተሩ ሲያረጅ ወይም ባለቤቱ ሲዘነጋ ነው። ሪንጉ ያለቀ ሞተር ከጉም አልፎ ዘይት ራሱን ይተፋል። ፊልትሮው ይርሳል፤ ከወረቀት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ይታፈናል። ካርቡራተሩ ይቆሽሻል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፒስተኑ ራስ ላይ ጥቀርሻ ይጋገራል። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚንም ያለ ጊዜው የመፈንዳት ዝንባሌው ይጨምራል። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የትልልቆቹን ሞተሮቹን ትንፋሽ ከሲሊንደሮቹ ራስ ወደ አየር ማጣሪያው ሲያዞረው፣ ከማጣሪያው ሥር ዘይት የሚንጠባጠብባቸው ባለቤቶች እስከ ዛሬ ይህንኑ የእኛን ጋራዥ ክርክር ይከራከራሉ። ከ100 ሲሲ እስከ 1300 ሲሲ ችግሩ ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነጂ የማያውቃት ነገር አለች። ከፊልትሮው ሳጥን ሥር ጣት የምታክል፣ ጫፏ የተደፈነ ላስቲክ ተንጠልጥላለች፤ አንዳንዷ አሳልፋ ታሳያለች። ትንፋሹ ሳጥኑ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ዘይትና ውኃው ወደ እሷ ይወርዳል። የሆንዳ የባለቤት መመሪያዎች ፈሳሹ በላስቲኳ ውስጥ ከታየ እንዲፈስ፣ በዝናብ ለሚነዳ፣ ሙሉ ጋዝ ለሚሰጥ፣ ሞተር ሳይክሉን ላጠበ ወይም ለወደቀበት ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንዲታይ ያዝዛሉ። «ፋብሪካው ያውቃል» የሚል ሰው ፋብሪካው ይህንንም እንዳዘዘ ማወቅ አለበት። ፋብሪካው አትነካው አላለም፤ እየከፈትህ አፍስሰው ነው ያለው።

«ወደ መሬት ልቀቀው»

ይህን ወገን ማናናቅ ቀላል ነው፤ ግን መነሻው ተሞክሮ ነው። ቱቦውን ከሳጥኑ የነቀለ ሰው ፊልትሮው ደርቆ፣ ካንዴላው ጸድቶ ያያል። ወጪ የለውም፤ መቀስና አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዘይት የሚተፋ አሮጌ ሞተር ያለው፣ ሪንግ የሚያስቀይርበት ገንዘብ ያልቆጠበ ሰው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም። ድሮም እንዲህ ሆነው የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ነበሩ።

ሒሳቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ቱቦው ሲነቀል ሳጥኑ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ካልተደፈነ ሞተሩ አቧራውን ሳይጣራ ይስባል፤ አቧራው ሲሊንደሩንና ሪንጉን ይፍቃል፤ የተፋቀ ሪንግ ደግሞ ይበልጥ ጋዝ ያሾልካል። ትንሽ ዘይት ለማስቀረት የተደረገው ነገር ብዙ ዘይት የሚተፋ ሞተር ያመጣል።

ሁለተኛው ጣጣ ሞተሩ ማውጣት ብቻ ሳይሆን መሳብም መቻሉ ነው። የጋለ ሞተር ወንዝ ወይም የጎርፍ ውኃ ሲሻገር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። የቱቦው ጫፍ ውኃ ውስጥ ከተነከረ የሚስበው ውኃ ነው። በገጠር ፒስታ የሚነዱ ልምድ ያላቸው ሰዎች ክፍት ቱቦ ካላቸው ጫፉን ወደ ላይ፣ ከኮርቻው ሥር የሚያዞሩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የነፍስ ጉዳይ ነው። ከመሃል የወረደ ቱቦ ዘይቱን ከኋላ ጎማው ፊት ይጥላል። ሐምሌ ላይ አስፋልቱ ብቻውን ያንሸራትታል፤ ዘይት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለነጂ አይነገርም። በውድድር ሜዳ ሕጎች የመተንፈሻው ዘይት መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ማጠራቀሚያ ወይም ዝግ መስመር የሚጠይቁት ከኋላ ለሚመጣው ሰው ሲሉ ነው። ከእኛም ኋላ የሚመጣ ሰው አለ።

«በሃይላንድ ያዘው»

የመሃል ሰዎች መፍትሔ ይህ ነው። ቱቦው ከሞተሩ ወጥቶ ወደ አንድ ዕቃ ይገባል፤ ዘይቱና ውኃው እዚያ ይቀራል፤ አየሩ በሌላ ቀዳዳ ይወጣል ወይም ወደ ፊልትሮው ሳጥን ይመለሳል። ሱቅ የሚሸጡ ከአሉሚኒየም የተሠሩ አሉ፤ እኛ ጋ ግን ሥራውን የያዘው ሃይላንድ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ማየት ማስቻሉ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ዕቃው የሞተሩን በሽታ አይደብቅም። ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሰው ሃይላንዱን ፈትቶ ሲያሳየን ነገሩ ግልጽ ነበር። ከላይ ቀጭን የዘይት ንጣፍ አለ፤ ከሥር ግራጫና ውኃማ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ፈሳሽ። «ይህ የሁለት ሳምንት ነው» አለ። መካኒኩም ብርሃን ላይ ይዘው አዩትና «ሞተርህ ደኅና ነው፤ አነዳድህ ነው አጭር» አሉት። ፈሳሹ ሁሉ ጥቁር ዘይት ቢሆን ኖሮ ምርመራቸው ሌላ ይሆን ነበር፦ ወይ ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቷል፣ ወይ ሪንጉ አልቋል። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው የዘይቱ መለኪያና የኮምፕሬሽን መለኪያው ነው።

ጉዳቱ አሠራሩ ላይ ነው። ሰው ፈሳሽ እንዳይደፋ ብሎ ክዳኑን አጥብቆ ይዘጋል፤ አየሩ መውጫ ያጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጓርኒሲዮኑ ዘይት ያልበዋል። ያን ጊዜ «ሞተሬ ፈሰሰ» ይላል፤ ያፈሰሰው ግን የታፈነው ጠርሙስ ነው። ሃይላንድ የተሠራበት ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መለስለስ ስለሚጀምር ከሲሊንደሩና ከማርሚታው ካልራቀ ይጨማደዳል። ቱቦው በመሃል ከረገበ ውኃ ይተኛበታል፤ ከፋብሪካው ቱቦ ከጠበበም ትንፋሹን ያንቃል። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ቱቦው ከሞተሩ ሲወጣ መጀመሪያ ሽቅብ ይሄዳል፣ የዘይት ጠብታ ተመልሶ እንዲወርድ፤ ከዚያ ወደ ዕቃው ይገባል፤ የዕቃው መተንፈሻ ቀዳዳም አቧራ የሚያግድ ነገር ይደረግበታል።

ሌላም አለ፤ ዕቃው በየጊዜው ባዶ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። የሞላ ጠርሙስ ዘይቱን መልሶ ይተፋል ወይም ያስመልጣል። ፈሳሹን ቦይ ውስጥ የሚደፋ ሰው ደግሞ ቱቦውን ወደ መሬት ከለቀቀው ሰው የሚለየው በሁለት ሳምንት ብቻ ነው። የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅም በርሜል ያለው ጋራዥ አይጠፋም፤ እዚያ ይሰጥ።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈተው ቫልቭ

ከሦስቱ ወገን ውጭ ጸጥ ብሎ የቆመ አራተኛ ሐሳብ አለ፦ ትንፋሹ እንዲወጣ እንጂ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ ማስገባት። የቆየው ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት በመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ ላይ የዳክዬ አፍ የመሰለ ጎማ ነበረው፤ ሲገፋ ይከፈታል፣ ሲሳብ ይገጥማል። ፒስተኑ ሲወጣ አየር ስለማይመለስ በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል፤ የዘይት ማልቀስ ይቀንሳል፤ ከውጭ እርጥብ አየር መሳብም ይቀራል።

ግን ያው ማኪያቶ ቫልቩ ላይ ሲጋገር ጎማው ይጣበቃል። ተከፍቶ ከተጣበቀ ትርፉ ይቀራል እንጂ ጉዳት የለውም፤ ተዘግቶ ከተጣበቀ ግን ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋው ሃይላንድ አይለይም። እርጥበት ለሚበዛበት አጭር ጉዞ የታሰበ ነገር በእርጥበቱ ይበላሻል። በየጊዜው አውጥቶ ለሚያጥብ ሰው ጥሩ ነው፤ ገጥሞ ለሚረሳ ሰው ባይገጠም ይሻላል።

ቱቦው የማይመልሰው ጥያቄ

ጋራዡ ውስጥ ስንከራከር ሁላችንም የዘነጋነው ነገር ነበር። ቱቦው የትም ቢሄድ ውኃውን ከዘይቱ የሚያወጣው ሙቀት ነው። እንፋሎት ካልሆነ በየትኛውም ቱቦ አይወጣም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮ ሲንተከተክ የማናስተውለውን ነገር ሞተር ያስተውለዋል፦ ደጋው ውኃን ለማባረር ትንሽ ቅናሽ ያደርጋል። ውኃው ለመትነን መፍላት አያስፈልገውም፤ ዘይቱ ሞቆ ከቆየ ቀስ እያለ ይለቃል። ነገር ግን ደጋው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይቀበላል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ የክረምቱ አየር እርጥብ ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ደግሞ በዝናብ ሲነዳ ብረቱ ቶሎ አይግልም። የሲሊንደሩ ራስ በሁለት ደቂቃ እጅ ያቃጥላል፤ ሥር ያለው ዘይት ግን ገና ለብ ያለ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ነድቶ ማጥፋት፣ እንደገና ሦስት ኪሎ ሜትር ነድቶ ማጥፋት ማለት ውኃውን እያመረቱ አለማባረር ነው።

ብዙ ሰው ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ አሥር ደቂቃ ቆሞ ያሞቀዋል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሥራ ስለሌለው ሙቀቱም ትንሽ ነው፤ በብርዱ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለው ቤንዚንም ስለሚበዛ ውኃና ያልተቃጠለ ቤንዚን ይጨምራል። ግማሽ ደቂቃ አቆይቶ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል።

የመጠኑም ነገር አለ። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። መኪና ውስጥ ብዙም የማትሰማ ግማሽ የቡና ስኒ ውኃ እዚህ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ትሆናለች። ስለዚህ በአጭር በአጭር ጉዞ የሚውል ሞተር ኪሎ ሜትሩን ብቻ ቆጥሮ ዘይት መቀየር አይበቃውም፤ ወሩንም መቁጠር ያስፈልጋል። ተቃራኒውን የሚሉም አሉ፦ «ዘይት ውድ ነው፤ ገና 800 ኪሎ ሜትር የሄደ ዘይት ለምን ይደፋል?» የኑሮው ነገር ስለሆነ በቀላሉ አይጣልም። መልሱ ግን ኪሎ ሜትሩን ማን ነዳው የሚለው ነው። በረጅም መንገድ የተነዳ 800 እና በሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር የተጠራቀመ 800 ለዘይቱ አንድ አይደሉም።

ሌላው ጥፋት ከልክ በላይ መሙላት ነው። «ትንሽ ቢተርፈው ይሻላል» ብሎ የጨመረ ሰው ክራንኩ ዘይቱን እንዲመታው ያደርጋል፤ የተመታው ዘይት አረፋ ሆኖ በመተንፈሻው ይወጣል። ሞተር ሳይክሉ በጎን እግሩ አዘንብሎ ሲለካም መጠኑ ይዋሻል። ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ መለኪያው ጠብቆ ይታሰር ወይስ ሳይታሰር ይግባ የሚለውን መመሪያው እንደሚለው አድርጎ መለካት ብዙ ጠርሙስ ያስቀራል።

በራዲያተር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይለይ። ዘይቱ ነጥቶ የራዲያተሩም ውኃ እየጎደለ ከሆነ ነገሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም የውኃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቱቦ ማዛወር አያድነውም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ግን የራሱ ውኃ የለውም፤ የሚገባበት በቃጠሎው፣ በአየሩ እርጥበት ወይም በእጥበትና በጎርፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ ማን ምን ያድርግ?

ሞተሩ ጤነኛ ለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ወይም አገር ለሚያቋርጥ ሰው የፋብሪካው መንገድ ይበቃዋል። ለእሱ ጠርሙስ ማንጠልጠል ደኅና ሰው ከዘራ እንደ መያዝ ነው። በአጭር በአጭር ለሚነዳ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በደንብ የተሠራና መተንፈሻ ያለው ማጠራቀሚያ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ፊልትሮውን ያድናል፣ የሞተሩንም ጤና ያሳያል። ሪንጉ ላለቀበት ሰው ማጠራቀሚያው ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚደፋው ዘይት አንድ ቀን ከሪንጉ ዋጋ ይበልጣል። ቱቦን ወደ መሬት መልቀቅን የምደግፍበት ሁኔታ ግን አላገኘሁም። ወጪ የማያስወጣ ይመስላል፤ ወጪው በአቧራ፣ በውኃና በኋላ ጎማው በኩል ተመልሶ ይመጣል። እንዲያ ሆኖ የተሠራ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው እንኳ ጫፉን ከጎማው አርቆ በዕቃ ቢይዘው ይሻለዋል።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። መካኒኩ ቱቦውን አልነቀሉትም፤ ሃይላንድም አላንጠለጠሉም። ከፊልትሮው ሳጥን ሥር ያለችውን ላስቲክ ከፍተው ግማሽ የቡና ስኒ የሚሆን ግራጫ ፈሳሽ አፈሰሱ። ወጣቱ «ይህ እንዳለ አላውቅም ነበር» አለ። ሞተር ሳይክሉን የገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

ቱቦውን አጥበው መለሱለት፤ ዘይቱን ቀየሩ፤ መክደኛውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ «እሑድ ጠዋት ደብረ ዘይት ደርሰህ ተመለስ፤ ለዘይትህ ይጠቅመዋል» አሉት።

«ጋሼ፣ የደብረ ዘይትን ቤንዚን ማን ይችለዋል?»

«እንግዲያው በሳምንት አንድ ቀን ቀለበት መንገዱን ይዘህ ግማሽ ሰዓት ሳታቆም ንዳ።»

እናንተም ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ያቺን ላስቲክ ፈልጉ። ከሥሯ ዕቃ አድርጋችሁ ክፈቷት። ቱቦውን ስለማዛወር የምትወስኑት የወጣውን ካያችሁ በኋላ ይሁን።